ከቤት ሆኖ መሥራት ውጤት የሚያመጣው መቼ ነው?

ከቤት ሆኖ የመሥራት ክርክር እንደገና ተነስቷል። አማዞን በመስከረም 2017 ዓ.ም. የቢሮ ሠራተኞቹ ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ በሳምንት አምስቱንም ቀን ቢሮ እንዲገቡ አሳወቀ። በጥር ወር ደግሞ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ዕለት የአሜሪካ ፌዴራል ሠራተኞች ወደ ቢሯቸው እንዲመለሱ አዘዙ። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ ጉዳዩ እኛም ቤት ገብቷል። መሥሪያ ቤት የሚሠራው ልጁን ከትምህርት ቤት ማን እንደሚያመጣለት ይጨነቃል። መሃል ከተማ ፓርኪንግ ለሚሠራው ወይም ታክሲ ለሚነዳው ግን ቢሮዎቹ ባዶ መሆናቸው ገቢ ማጣት ነበር። አንዱን ያስደነገጠው ትእዛዝ ሌላውን አስደስቷል።

አገር ቤት ጉዳዩ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በዚያው ክረምት «5 ሚሊዮን ኮደርስ» የተባለው የዲጂታል ሥልጠና ተጀመረ። በአንድ በኩል በብር የሚከፈል ደመወዝ አቅሙ ተዳከመ። በሌላ በኩል ብዙ ወጣት ከቤት ሆኖ ለውጭ ድርጅት መሥራትን ማሰብ ጀመረ። በአማርኛው ኢንተርኔት ‹‹ሪሞት ሥራ›› የሚለው ቃል የበዛው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ሪሞት ማለት ከአሠሪው ቢሮ ውጭ፣ በኢንተርኔት እየተገናኙ የሚሠሩት ሥራ ነው።

ወሬው ሲበዛ ምክሩም በዛ። በጠዋት ተነሳ፣ ፒጃማህን አውልቅ፣ ስልክህን አርቅ፣ ራስህን ግዛ ይባላል። ምክሩ ክፉ አይደለም። ችግሩ ጥፋቱን በሙሉ በሠራተኛው ጠባይ ላይ መጣሉ ነው። ከቤት ስለመሥራት የተደረጉትን ጥናቶች አንድ ላይ ያነበበ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። ውጤቱን በአብዛኛው የሚወስነው የሥራው ዓይነት፣ የቤቱ ሁኔታና ከአሠሪው ጋር ያለው ስምምነት ነው። ቆራጥነት ከእነዚህ በኋላ ይመጣል።

ምርታማነት ስንል ምን ማለታችን ነው?

ክርክሩ የሚደበላለቀው እዚህ ላይ ነው። ምርታማነት ማለት በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚወጣ ሥራ ነው። ብዙ ሰዓት መሥራት ሌላ ነገር ነው። ቢሮ እያለ በ8 ሰዓት የሚጨርሰውን ሥራ አሁን ቤቱ ሆኖ በ10 ሰዓት የሚጨርስ ሰው፣ አለቃው ዘንድ የሚደርሰው ሥራ ያው ነው። አለቃው ‹‹ምንም አልቀነሰም›› ይላል። ሠራተኛው ‹‹እንደዚህ ሠርቼ አላውቅም›› ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። ምርታማነቱ ግን ወርዷል፣ ልዩነቱም የተከፈለው ከሠራተኛው እንቅልፍና ከቤተሰቡ ሰዓት ላይ ነው።

መንገድ ላይ የሚጠፋውን ጊዜም መቁጠር ያስፈልጋል። በ27 አገሮች የተደረገ አንድ ጥናት ከቤት መሥራት በቀን በአማካይ 72 ደቂቃ የመንገድ ጊዜ እንደሚያተርፍ አግኝቷል። ሠራተኞቹ ከዚህ ትርፍ 40 በመቶ ያህሉን መልሰው ለሥራ አውለውታል። ጠዋት ሜክሲኮ ወይም መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ይዞ ለሚቆም ሰው ይህ ትርጉም አለው። በመጀመሪያው ሚኒባስ ላይ ተጋፍቶ ቢሮ የሚደርስ ሰው፣ ሥራ ሳይጀምር ነው የሚደክመው።

ጥናቶቹ ለምን አይስማሙም?

በጣም የሚጠቀሰው ጥናት የቻይና ነው። የስታንፎርዱ ኢኮኖሚስት ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 ሻንግሃይ በሚገኘው ሲትሪፕ የተባለ የጉዞ ወኪል ድርጅት ውስጥ ሙከራ አደረጉ። ሠራተኞቹ ስልክ እያነሱ የአውሮፕላን ቲኬትና ሆቴል የሚይዙ ናቸው። ፈቃደኛ ከሆኑት መካከል የተወለዱበት ቀን ሙሉ ቁጥር ላይ የሚውለው፣ ማለትም በ2፣ በ4፣ በ6 እያለ የሚሄደው፣ አራት ቀን ከቤታቸው አንድ ቀን ከቢሮ እንዲሠሩ ተደረገ። የቀሩት ቢሮ ቆዩ። ከዘጠኝ ወር በኋላ ቤት የሠሩት 13 በመቶ የበለጠ ሥራ ሠርተው ተገኙ። ሥራ የሚለቀውም ሰው በግማሽ ቀነሰ።

ከቤት መሥራትን የሚደግፉ ሰዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ዝርዝሩ ግን ከድምሩ በላይ ያስተምራል። ከ13 በመቶው ውስጥ 9 በመቶው የመጣው ሰዎቹ ረዘም ያለ ጊዜ በመሥራታቸው ነው። እረፍት የሚወጡበትና በሕመም የሚቀሩበት ጊዜ አነሰ። የቀረው በደቂቃ ብዙ ስልክ ከማንሳት የመጣ ነው፣ ምክንያቱም ቤት ጸጥ ይላል። ጸጥ ያለው ግን በአጋጣሚ አይደለም። በሙከራው ለመሳተፍ ለብቻ የሚሠሩበት ክፍልና ፈጣን ኢንተርኔት ቤት ውስጥ መኖር ግዴታ ነበር። ቢያንስ ስድስት ወር በድርጅቱ መሥራትም ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ ቢሮ ካለው ጋር አንድ ነው። ያነሱት የስልክ ብዛት በየቀኑ ተቆጥሮ ይታወቃል። ሙከራው አልቆ ምርጫ ሲሰጣቸውም ግማሽ ያህሉ ወደ ቢሮ ተመለሱ። ዋናው ምክንያታቸው ብቸኝነት ነበር። ቤት የሠሩት፣ ሥራቸው ከተሻሻለበት ልክ አንጻር ሲታይ የደረጃ ዕድገት ያገኙት በቁጥር አነስ ብለው ነው።

አሁን ወደ ሕንድ እንሻገር። ቼናይ ከተማ ውስጥ ዳታ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገቡ አዲስ ሠራተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ገሚሶቹ ቢሮ፣ ገሚሶቹ ቤት። የቤቶቹ ምርታማነት በ18 በመቶ አነሰ። ከዚህ ልዩነት ሁለት ሦስተኛው የታየው ገና ከመጀመሪያው ቀን ነው። ይበልጥ የሚያሳስበው ቀጥሎ ያለው ነው። ከመጀመሪያው ‹‹ቤት ብሠራ እመርጣለሁ›› ያሉት ሰዎች ቤት ሲሠሩ ከሌሎቹ በባሰ ሁኔታ ቀነሱ። ነገሩ እንቆቅልሽ ይመስላል። ተመራማሪዎቹ ሲያዩት ግን ልጅ ያላቸው፣ ቤት ውስጥ የሚንከባከቡት ሰው ያለባቸውና ከድሃ ቤተሰብ የመጡት ላይ ነገሩ ጎልቶ ተገኘ። ቤት መሆንን በጣም የሚፈልገው ሰው ቤቱ ለሥራ በጣም የማይመቸው ሰው ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው ጥናት ከ10,000 በላይ ባለሙያዎች ባሉት የአንድ ትልቅ የአይቲ ድርጅት ላይ የተደረገ ነው። ወረርሽኙ ሁሉንም ቤቱ ባስገባበት ጊዜ የሥራ ሰዓታቸው ጨመረ፣ ምርታማነታቸው ግን እንደ አለካኩ ከ8 እስከ 19 በመቶ ወረደ። ሰዎቹ አልሰነፉም። ቢሮ ሳሉ ጠረጴዛ ላይ ዞር ብሎ በሁለት ደቂቃ የሚጠየቀው ጥያቄ የቪዲዮ ስብሰባ ሆነ። ስብሰባ በዛ፣ ሳይቋረጡ የሚሠሩበት ጊዜ ተቆራረጠ። ልጆች ያሏቸው ይበልጥ ተጎዱ።

የመጨረሻውን የሠራው ያው የቻይናው ድርጅት ነው፣ ስሙ ትሪፕ ዶት ኮም ከሆነ በኋላ። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ይህ ጥናት ከ1,600 በላይ ሠራተኞችን ይዟል። የተሞከረው ሃይብሪድ የሚባለው ነው፣ ማለትም ቤትና ቢሮን የሚያቀላቅል አሠራር። ሰዎቹ ረቡዕና ዓርብ ቤት ሠሩ፣ የቀሩትን ቀናት ቢሮ ገቡ። በሥራ አፈጻጸምም ሆነ በደረጃ ዕድገት የታየ ለውጥ የለም። ሥራ የሚለቁት ግን በሲሶ ቀነሱ። አዲስ ሰው ቀጥሮ ማሠልጠን ምን ያህል እንደሚያስወጣ ለሚያውቅ ድርጅት ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው።

እንግዲህ አንዱ 13 በመቶ ጨመረ ይላል፣ ሌላው 18 በመቶ ቀነሰ ይላል። ማንኛውም ወገን የሚስማማውን ቁጥር መዞ መከራከር ይችላል፣ እየተደረገ ያለውም ይኸው ነው። ጥናቶቹ እርስ በርስ የሚጣረሱ አይመስለኝም። የሻንግሃዩ ሠራተኛ በር የሚዘጋበት ክፍል፣ የማይቋረጥ መስመርና በየቀኑ የሚቆጠር ሥራ ነበረው። ሥራውን ለመጨረስ ሌላ ሰው መጠበቅ አያስፈልገውም። የቼናዩ አዲስ ሠራተኛ ነበር፣ ቤት ውስጥ ኃላፊነት ያለበት ደግሞ ይበልጥ ተቸገረ። የአይቲው ባለሙያ ደግሞ ሥራው ከሌሎች ሥራ ጋር የተሳሰረ ነው። ስለዚህ ‹‹ከቤት መሥራት ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?›› ከማለት ‹‹የምን ሥራ? በምን ዓይነት ቤት?›› ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

የአዲስ አበባ ቤትና የሻንግሃይ ቤት

ይህንን ጥያቄ ወደ እኛ ስናመጣው መልሱ ቶሎ ይታያል። ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም እንውሰድ። ሳሎኑ ምግብ የሚበላበት ነው፣ ልጅ የሚያጠናበት ነው፣ እንግዳ የሚቀመጥበት ነው። ላፕቶፑ የሚቀመጠውም እዚያው ነው። ሴትየዋ የኦንላይን ስብሰባ ላይ ናት እንበል። ማይኩን ልትከፍት ስትል ከታች ፎቅ ሰው ድሪል ይጀምራል። ልጇ መጥቶ ቻርጀር ይጠይቃታል። በሩ ይንኳኳል፣ የቆሻሻ ክፍያ ሰብሳቢ ነው። ተነስታ ስትመለስ ስሟ ተጠርቶ አልፏል። ይህች ሴት ስልኳን ብታርቅም ባታርቅም ልዩነቱ ትንሽ ነው። የሚያስፈልጋት በር ነው።

ቀጥሎ መብራት። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው። ያም ሆኖ ሰፈር ውስጥ መብራት ይጠፋል። ማመንጨት አንድ ነገር ነው፣ ኃይሉን በትራንስፎርመርና በሰፈር መስመር እቤት ማድረስ ሌላ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያስቸግረው ሁለተኛው ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ሁለት ሦስት ሰዓት ይሠራል። ወዲያው የሚሞተው የዋይፋይ ሳጥኑ ነው፣ ባትሪ የለውማ። ሰው ቶሎ ብሎ የስልኩን ሆትስፖት ይከፍታል። ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ስለሚያደርግ ግን የሞባይል ኔትወርኩ ይጨናነቃል። በዚህ ላይ ቪዲዮ የተከፈተበት የአንድ ሰዓት ስብሰባ ከግማሽ ጊጋባይት በላይ ዳታ ይበላል። ለዋይፋይ ሳጥን ብቻ የሚሆን አነስተኛ የባትሪ ማቆያ መግዛት፣ ቪዲዮ ዘግቶ በድምፅ ብቻ መሰብሰብ፣ ከሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ሲም ካርድ መያዝ ቀላል ነገሮች ናቸው። በ2015 መጀመሪያ ሳፋሪኮም አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ የመጨረሻው የሚቻል ሆኗል። ከጠዋት ልማድ ምክር ይልቅ ብዙ የሥራ ሰዓት የሚያድኑት እነዚህ ናቸው ባይ ነኝ።

በግል ጥንቃቄ የማይፈታም አለ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሳምንታት ቆይቷል። ለውጭ ደንበኛ የሚሠራ ሰው በዚያ ጊዜ ‹‹ኢንተርኔት የለንም›› ብሎ መልእክት መላክ እንኳን አልቻለም። ደንበኛው የሚያውቀው ሰውዬው መጥፋቱን ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነት መቋረጥ የሚጎዳው የአንድ ሰው ሥራ ብቻ አይደለም። ቀጣሪው ሌላ ጊዜ ከዚህ አገር ሰው ለመቅጠር እንዲያመነታ ያደርጋል።

ቤቱ ካልሆነስ? አንዳንዱ ካፌ ይሄዳል። አንዳንዱ ወርኀዊ ክፍያ ከፍሎ ኮ-ወርኪንግ ይገባል። ይህ ጠረጴዛና ኢንተርኔት በጋራ የሚከራዩበት ቢሮ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ለብዙዎች መጠለያ ሆኗል፣ ስልክ እያወሩ ግን አይሠሩበትም። ሁሉም መፍትሔ የሆነ ነገር ያስከፍላል። ቢሮ ቢሆን መብራቱን፣ ጄኔሬተሩን፣ ኢንተርኔቱን፣ ወንበሩን የሚችለው ድርጅቱ ነው። ሥራው ወደ ቤት ሲመጣ ወጪው አብሮ መጥቷል። ስለ ምርታማነት ሲወራ ይህ ወጪ አብዛኛውን ጊዜ አይነሳም።

‹‹ቤት አይደል ያለችው?››

ቤት የሚሠራ ሰው ለዘመድና ለጎረቤት ሥራ ላይ ያለ አይመስልም። ‹‹ቤት አይደለህ እንዴ፣ እስቲ ባንክ ደርሰህ ና›› ይባላል። ‹‹ቤት ካለሽ ልጆቹን ተቀበይልኝ›› ይባላል። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲጠራ እምቢ ማለት ነውር ነው። ለቅሶ ቤት ደግሞ ሳይደረስ አይዋልም። ቢሮ ያለ ሰው ‹‹አልተፈቀደልኝም›› ብሎ ማምለጥ ይችላል። ቤት ያለ ሰው ይህ ጋሻ የለውም።

ጫናው በወንድና በሴት ላይ እኩል አይወድቅም። ባል ላፕቶፕ ሲከፍት ‹‹ዝም በሉ፣ አባታችሁ ሥራ ላይ ነው›› ይባላል። እናት ላፕቶፕ ስትከፍት ልጁ ጭኗ ላይ ይወጣል። ምሳውም ከሷ ይጠበቃል። ቤት ውስጥ የሠራተኛ እጥረት ሲኖር ክፍተቱን የምትሞላው እሷ ናት። የቼናዩ ውጤት እዚህ ሳሎን ውስጥም ይታያል። ከቤት መሥራት ለእናቶች የተሰጠ ዕድል ነው ሲባል እሰማለሁ። ልጁን የሚይዝ ሰው ካለ ልክ ነው። ከሌለ ግን ሁለት ሥራ በአንድ ሰዓት መስጠት ነው። የመንግሥት ሠራተኞች ዐዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ያዛል። ቤቷ ሆና ለምትሠራ እናት ማቆያውን ማን ያዘጋጅ የሚለው ጥያቄ ገና አልተነሳም።

የሚረዳ ነገር ቢኖር ሰዓቱን ለቤተሰብ አስቀድሞ በግልጽ መናገር ነው። ‹‹ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት አልገኝም፣ ከዚያ በኋላ ግን አለሁ›› የሚል ቃል ከ‹‹ሥራ አለብኝ›› ይሻላል። ‹‹ሥራ አለብኝ›› ማለቂያ ስለሌለው ሰው አያከብረውም። መመለሻው የታወቀ ከሆነ ግን ጎረቤትም ቡናውን ያዘገያል።

በሌላ አገር ሰዓት መኖር

ለውጭ ድርጅት የሚሠራ ሰው ሌላ ፈተና አለበት። ኢትዮጵያ ሰዓቷን በክረምትና በበጋ አትቀይርም። አሜሪካና አውሮፓ ይቀይራሉ። የኒው ዮርክ የሥራ ቀን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከጠዋቱ 9 እስከ ከሰዓት 5 ነው። በእኛ ሲቆጠር ይህ በአሜሪካ ክረምት ከ11 ሰዓት ከሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ይሆናል። ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ከ10 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ይሆናል። ካሊፎርኒያ ከሆነማ በክረምታቸው ሥራው የሚጀምረው ምሽት 2 ሰዓት፣ የሚያልቀው ሌሊት 10 ሰዓት ነው። ለበርሊን የሚሠራ ሰው ግን ልዩነቱ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ሪያድ ከእኛ ጋር እኩል ናት፣ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች።

ይህን ልዩነት ብዙ ሥራ ፈላጊ አያሰላውም። የሚያየው ዶላሩን ነው። ሌሊት ሠርቶ ቀን መተኛት ደግሞ ቀን በሚጮኽ ሰፈር ውስጥ ከባድ ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው በሳምንታት ውስጥ ስህተቱ ይበዛል፣ በደንበኛው ዓይን ደግሞ ‹‹ጥሩ ጀምሮ የቀዘቀዘ ሠራተኛ›› ይሆናል። ስለዚህ ውል ከመፈረም በፊት መጠየቅ ያለበት፣ ከስምንቱ ሰዓት ውስጥ በእርግጥ አብሮ መገኘት የሚያስፈልገው ስንቱ ነው የሚለው ነው። ለሁለት ሰዓት ስብሰባ ብቻ ከሆነ ሌላውን ሥራ ጠዋት መሥራት ይቻላል። አሜሪካውያን ሰዓታቸውን ወደ ፊት የሚገፉት በፈረንጆቹ ማርች ወር በሁለተኛው እሑድ ሲሆን፣ አውሮፓውያን በወሩ የመጨረሻ እሑድ ይቀይራሉ። ከሁለቱም ጋር የሚሠራ ሰው በእነዚያ ሳምንታት ስብሰባ እንዳያመልጠው ቀኑን ምልክት ቢያደርግበት ይጠቀማል።

አለቃው ምን ይለካ?

ቢሮ ውስጥ መገኘት ለአለቃ ቀላል መለኪያ ነው። ኮቱ ወንበሩ ላይ ካለ ሰውየው አለ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲገኝና አብዛኛው የፌዴራል ሠራተኛ ቤቱ እንዲቆይ ሲደረግ፣ ይህ መለኪያ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ፋይሉ በወረቀት፣ ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ፣ ፊርማው በአካል በሆነበት መሥሪያ ቤት ‹‹ከቤት ሥራ›› ማለት በተግባር ‹‹ቤት ቆይ›› ማለት ሆነ። ከዚያ ጊዜ የተረፈው ‹‹ቤት ያለ ሰው አይሠራም›› የሚለው እምነት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ሰዎቹ ሥራ ጠልተው ነው ማለት ግን አይቻልም። ሥራው ራሱ ወደ ቤት የሚሄድበት መንገድ አልነበረም።

በአንዳንድ የግል ድርጅቶች ተቃራኒው ችግር አለ። የሠራተኛውን ስክሪን ፎቶ የሚያነሱ፣ የማውሱን እንቅስቃሴ የሚቆጥሩ ፕሮግራሞች ይጫናሉ። አፕወርክ የተባለው የፍሪላንስ ገበያ በሰዓት ለሚከፈል ሥራ በሰዓት ስድስት ጊዜ የስክሪን ፎቶ ያነሳል። ፍሪላንስ ማለት ሳይቀጠሩ በየሥራው እየተከፈሉ መሥራት ነው። የማይተዋወቁ ሰዎች ገንዘብ የሚለዋወጡበት ቦታ ስለሆነ ይህ ለከፋዩም ለሠራተኛውም ማስረጃ ይሆናል። ቋሚ ሠራተኛ ላይ ሲጫን ግን የሚለካው እጅ መንቀሳቀሱ ብቻ ነው። ወረቀት ይዞ የሚያስብ የሒሳብ ባለሙያ በዚህ መለኪያ ሰነፍ ነው። ማውሱን ዝም ብሎ የሚያንቀሳቅስ ጎበዝ ነው።

የሚሻለው ሥራውን ራሱን መቁጠር ነው። የሲትሪፕ ስልኮች የሚቆጠሩ ስለነበሩ ማንም ማንን መከታተል አላስፈለገውም። ሁሉም ሥራ እንደ ስልክ አይቆጠርም፣ ይህ እውነት ነው። ሆኖም ‹‹እስከ ሐሙስ የሦስተኛው ሩብ ዓመት ሪፖርት ረቂቅ›› ብሎ መስማማት የማይቻልበት የቢሮ ሥራ ጥቂት ነው። ሰኞ ጠዋት በአጭሩ ተስማምቶ ዓርብ መገምገም፣ በመሃል ‹‹የት ደረስክ?›› የሚለውን ስልክ ይቀንሳል። ያ ስልክ ሲበዛ ነው ሠራተኛው ከሥራው ይልቅ መልስ ለመስጠት የሚዘጋጀው።

ሕጉ የት ነው ያለው?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከቤት የሚሠራ ሥራን ያውቀዋል። ሠራተኛው ያለ አሠሪው የቅርብ ቁጥጥር ቤቱ ወይም ራሱ በመረጠው ቦታ የሚሠራበትን ውል ለብቻው ደንግጓል። አሠሪው የሰጠውን ቁሳቁስ፣ ያዘዘውን የሥራ ዓይነትና መጠን፣ ክፍያውን በመዝገብ እንዲይዝም ያዛል። ሲነበብ ግን የታሰበው ለሽመና፣ ለስፌት፣ ለእጅ ሥራ ዓይነት እንደሆነ ያስታውቃል። ላፕቶፕ፣ የኢንተርኔት ወጪ፣ በቪዲዮ የሚደረግ ቁጥጥር በሐሳቡ ውስጥ የሉም።

ያው ዐዋጅ መደበኛ የሥራ ሰዓትን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት አድርጎ ይገድባል። ከዚያ በላይ ሲሠራ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አለ። ምሽት 3 ሰዓት በቴሌግራም የሚመጣ የአለቃ ጥያቄ ግን ትርፍ ሰዓት ተብሎ ሲመዘገብ አይታይም። መልስ የሰጠው ሰው ‹‹አሠሪዬ አዞኝ ነው›› ብሎ ማስረዳት ይቸግረዋል። ውሉ ላይ መልእክት የሚመለስበት ሰዓት እስኪጻፍ ድረስ የሥራ ቀን ጫፍ የለውም። በውጭ ምንዛሪ የሚከፈላቸው ፍሪላንሰሮች ደግሞ ተቀጣሪ ስላልሆኑ ይህ ጥበቃ ጨርሶ አይደርሳቸውም። የሕመም ፈቃድም ሆነ የወሊድ ፈቃድ የሚከፍላቸው ሰው የለም። በዶላር ሲሰላ ከፍ ያለ የሚመስለው ገቢ ሲታሰብ ይህም አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

ጀማሪው ከማን ይማር?

ሁለት አሜሪካዊ ኢኮኖሚስቶች በወረርሽኙ መጀመሪያ ባወጡት ስሌት፣ በአሜሪካ ሙሉ በሙሉ ከቤት ሊሠራ የሚችለው ሥራ 37 በመቶ ያህል ነው። በድሃ አገሮች መጠኑ ከዚህ ያንሳል። በኢትዮጵያ ከቤት የመሥራት ጉዳይ የከተማ፣ ከዚያም ውስጥ የጥቂት ሙያዎች ጉዳይ ነው። እነዚህ ጥቂቶች ግን በአብዛኛው ወጣቶች ናቸው፣ ለብዙዎቹም የመጀመሪያ ሥራቸው ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እዚህ ጋ ነው። ማይክሮሶፍት ከ61,000 በላይ የአሜሪካ ሠራተኞቹን የሥራ ግንኙነት ባጠናበት ጊዜ፣ ሁሉም ቤቱ ሲገባ ሰዎች በይበልጥ ከቅርብ ቡድናቸው ጋር መነጋገር እንደ ጀመሩ፣ ከሌላ ክፍል ጋር ያለው ግንኙነት እንደ ሳሳ ተገኝቷል። ልምድ ያለው ሰው ይህን ይቋቋማል፣ ማንን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል። ጀማሪ ግን የሚማረው አጠገቡ ያለው ሰው ሲሠራ በማየት ነው። ደንበኛ ሲቆጣ እንዴት እንደሚመለስለት፣ ስብሰባ ላይ መቼ ዝም እንደሚባል፣ የተበላሸ ኮድ እንዴት እንደሚፈለግ በሥልጠና ቪዲዮ አይገኝም። በሥልጠና ያለፈ ወጣት ቀጥታ ከመኝታ ክፍሉ ለውጭ ደንበኛ መሥራት ሲጀምር፣ ስህተቱን የሚያርምለት የለም። ደንበኛው ዝቅተኛ ኮከብ ሰጥቶት ይሄዳል። ወጣቱ ምን እንዳጠፋ አያውቅም።

ለዚህ የተሻለ ሆኖ የሚታየው ሰዎች ራሳቸው የጀመሩት ነገር ነው። ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ኢንተርኔቱንና ባትሪውን ተካፍለው የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። አንዱ ከጀርመን፣ ሌላው ከአሜሪካ ደንበኛ ጋር ይሠራል፣ ግን ጠረጴዛው አንድ ነው። የአንዱ ኮድ ሲበላሽ ሌላው ወንበሩን ስቦ ይቀመጣል። ድርጅቶችም ለአዲስ ተቀጣሪ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት አብዛኛውን ቀን ቢሮ እንዲገባ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ከቤት እንዲሠራ ቢያደርጉ ከጥናቶቹም ጋር ይስማማል። ሲትሪፕ ለሙከራው ስድስት ወር የሠራ ሰው ብቻ ነበር የተቀበለው። የሚያስተምሩት ነባር ሠራተኞችም በእነዚያው ቀናት ቢሮ መገኘት አለባቸው። ጀማሪው ቢሮ ገብቶ የሚጠይቀው ሰው ቤቱ ከሆነ፣ የታክሲ ሰልፉን የያዘው ለባዶ ክፍል ነው።